የማራካሹ ቡዝ፦ ዛሬ ሐሳብ ያልሰጠ ነገ እንዳያማርር

ሰብሳቢ፣ ሰኞ ማታ 2፡10
ቅዳሜ የተስማማነውን ልጻፈው፤ በኋላ "አልሰማሁም" እንዳይመጣ። በጋለሪያችን ስም ለ1-54፣ ለአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ አርት ፌር፣ እናመለክታለን። የማራካሹን ነው፣ የለንደኑን አይደለም። ስድስት ሰው፣ አንድ ቡዝ (ማሳያ ክፍል)። የሥራ ፎቶ፣ አጭር ጽሑፍና የቡዙ ንድፍ ያስፈልገናል። ማመልከቻው በሚቀጥለው ዓርብ ይዘጋል። ዛሬ የምፈልገው ስድስቱ እነማን እንደሆኑና ማን ምን እንደሚይዝ ብቻ ነው። የአምናውን ታሪክ አታንሱብኝ።

ገንዘብ ያዥ፣ 2፡14
የአምናውን እኔ አነሳዋለሁ። የሳጥንና የማጓጓዣው ሒሳብ እስካሁን አልተወራረደም። ካዝና ውስጥ 61,400 ብር አለ። የቡዝ ኪራይ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ያ የድሮ ሒሳባችን ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ሰው ስንት ያዋጣል? መጀመሪያ እሱን።

ሳቢያን፣ 2፡15
ጽሑፉን ለኔ ተዉት። በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም። እስከ ሐሙስ እጃችሁ ላይ ነው። 🔥

ጀጎል፣ 2፡31
ንድፉን ሠርቻለሁ፤ ፎቶውን ከታች እዩት። ሦስት ግድግዳ ነው ያለን። ሦስቱም ቀይ ይሁኑ። የቀለም ቤት ቀይ ሳይሆን የኛ ቤት ቀይ። የጌይ ጋር፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ነደባ (መቀመጫ መደቡ) የሚቀባበት ቀይ አፈር። እናቴ ለበዓል አፈሩን በውሃ በጥብጣ፣ በጨርቅ ሁለት ጊዜ ታስኬደዋለች። እጇ ሳምንት ሙሉ ቀይ ሆኖ ይከርማል። አንድ ፌስታል አፈር አስቀምጬያለሁ። ነጭ ግድግዳ ሁሉም አለው።

ከዚራ፣ 2፡33
ቀይ?

ከዚራ፣ 2፡34
አቦ ድሬ ውስጥ ቀይ ግድግዳ የት ነው ያለው? ማኅበሩ የድሬና የሐረር ነው ወይስ የሐረር ብቻ? አራታችን የድሬ ልጆች ነን። እኛ ቤት ግድግዳ ማለት ፀሐይ የበላው ቢጫ ነው።

ጀጎል፣ 2፡36
ቢጫ ይሁን በለኛ። ሐሳብ አምጣ እንጂ አትነጫነጭ።

ከዚራ፣ 2፡40
ቢጫ አላልኩም። ነጭ ይሁን ነው ያልኩት። የኔ ሥራ የባቡር ብረት ነው። ዝገት ነው ቀለሙ። ዝገት ቀይ ላይ ስትሰቅዪው የት ይታያል? ያ ብረት እኮ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ከተማ ሲገባ የተነጠፈው መስመር ወገን ነው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። አዲስ አበባ እኛን 15 ዓመት ጠብቃለች። እሱን ነው ግድግዳው ላይ የማጠፋው?

ገንዘብ ያዥ፣ 2፡41
መዋጮው ስንት ነው?

መጋላ፣ 2፡52
ለማንም ሳልወግን አንድ ነገር ልበል። የኔ ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። አሁን ቀይ ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አንዱን አስደግፌው አየሁት። ግራጫው አረንጓዴ መሰለ። ወላሂ አረንጓዴ። ቀይ አጠገቡ ያለውን ነገር እንደዛ ያደርገዋል። ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ፣ እዩት።

ጀጎል፣ 2፡55
ብርድ ልብሱ የቻይና ቀይ ነው። እኔ የምለው አፈር ነው፣ አያበራም።

መጋላ፣ 2፡56
ቀይ ቀይ ነው።

ጀጎል፣ 2፡56
ቀይ ቀይ አይደለም። አንተ ፎቶግራፈር ሆነህ ይሄን ትላለህ?

ሰብሳቢ፣ 3፡05
ያ ጀመዓ፣ ስለ ግድግዳ በኋላ። ስድስቱ እነማን ናቸው?

ከዚራ፣ 3፡07
ሌላም አለ። ማራካሽን "ቀይዋ ከተማ" ነው የሚሏት። የከተማው ግንብ በሙሉ ቀይ አፈር ነው። ቀይ ከተማ ሄደን ቀይ ቡዝ? ለሐረር ጫት ይዞ እንደመሄድ ነው።

ጀጎል፣ 3፡09
ለዛ ነው ያልኩት! ሰውየው ከቀይ ግንብ ወጥቶ ቡዛችን ሲገባ "ይሄንን አውቀዋለሁ" ይላል። ከዛ ጠጋ ሲል የሱ እንዳልሆነ ያያል። በሩ እሱ ነው።

ከዚራ፣ 3፡10
ከምርቃና ስትወጪ እንነጋገር።

ጀጎል፣ 3፡10
እኔ አልቅምም። አንተ ነህ ከሰዓት በርጫ ላይ ተቀምጠህ የምትጽፈው።

መምህር፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡20
ሌሊቱን ሙሉ ስልኬ ሲጮህ አደረ። ቀለሙን ተዉትና የኔን አንድ ነገር ስሙ። ስድስት ሰው ከየሥራው ሁለት ሁለት ሲሰቅል አሥራ ሁለት ነው። ትንሽ ቡዝ ውስጥ አሥራ ሁለት ሥራ የታይዋን ሱቅ ነው የሚሆነው። ስልክ፣ ቻርጀር፣ ጃንጥላ። ሰው ዞር ብሎ ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቬኒስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ቦታ ስትከፍት ተስፋዬ ኡርጌሳ ብቻውን ነው የቆመው። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ። እኛ ሦስት እንሁን። ሦስት ሰው የሚነጋገር ሥራ ይዞ ቢሄድ ይታያል።

ከዚራ፣ 1፡31
ጋሼ ሦስቱ እነማን ናቸው?

መምህር፣ 1፡33
እሱን እኔ አልልም።

ከዚራ፣ 1፡33
ታዲያ ማን ይላል?

ገንዘብ ያዥ፣ 1፡45
ሦስት ከሆነ የቀሩት ሦስቱ ለምን ያዋጣሉ? ይሄን ጻፉልኝ። ዋጋም እንነጋገር። አንዳንዶቻችሁ ቤት ለሚመጣ ሰው በ8,000 የምትሸጡትን አርት ፌር ላይ አሥር እጥፍ ልትሉ ነው። ሥዕል የሚገዛ ሰው ኢንስታግራም ላይ አይቶ ይደውልላችኋል። ያኔ ጋለሪው ነው የሚዋረደው። ዋጋ አንድ ይሁን፣ እዚህም እዚያም። ሽያጩ ደግሞ በብዛት የሚሠራበት ግማሽ ለጋለሪ ግማሽ ለሠዓሊ ነው። 30 በመቶ እንላለን ብላችሁ ነበር። ወስኑ።

(ለዚህ እስከ ማታ ማንም አልመለሰም። ማንበቡን ግን ስምንታችንም አንብበነዋል።)

ደቻቱ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡02
አሁን ነው ያየሁት። ቀዩ ለምን እንደሆነ ንድፉ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። "ሐረር ጀጎል፣ በ1998 በዩኔስኮ የተመዘገበች፣ አምስት በሮች ያሏት።" ጥሩ። የኔ ሥራ ግን ስለ ጎርፉ ነው። እሱስ የት ተጻፈ?

ጀጎል፣ 1፡06
የግድግዳው ማብራሪያ ነው እንጂ የሥራ ማብራሪያ አይደለም።

ደቻቱ፣ 1፡09
ወሩ አንድ ነው። ሐምሌ 1998። እናንተ በወሩ መጀመሪያ ዩኔስኮ ስትገቡ እኛ በወሩ መጨረሻ ሌሊት ላይ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ሰው እንፈልግ ነበር። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሄደ። ሸራዬ ላይ ያለው ጭቃ የወንዙ ነው። እና የሐረር ግድግዳ ላይ ጌጥ ልታደርጉት ነው።

ጀጎል፣ 1፡12
ጌጥ ማን አለ? አንተ ብቻ ነህ እንዴ ያዘንከው? ያ ቀይስ የምን ቀይ እንደሆነ ታውቃለህ? ነደባው የሚቀባው የጨለንቆ ጦርነትን ደም ለማስታወስ ነው ሲባል ነው ያደግነው። አያቴ እንደዛ ነበር የምትለኝ። እኔ ለማሳመር አላመጣሁትም።

ደቻቱ ቡድኑን ለቅቋል።

መጋላ፣ 1፡15
ይኸው።

ሰብሳቢ፣ 1፡16
በስልክ አናግረዋለሁ። እባካችሁ ለአንድ ሰዓት ማንም አይጻፍ።

ከዚራ፣ 1፡17
እኔ ምን አደረግኩ?

ሰብሳቢ፣ 1፡17
አንድ ሰዓት አልኩ።

ሰብሳቢ ደቻቱን አክሏል።

ደቻቱ፣ 3፡40
ይቅርታ። በቀለሙ አይደለም የተናደድኩት። ይቀጥል።

ጀጎል፣ 3፡41
እኔም ይቅርታ። ነገ ድሬ እወርዳለሁ፣ ፈቲራ በኔ።

ደቻቱ፣ 3፡41
በእንቁላል።

ሰብሳቢ፣ ረቡዕ ጠዋት 4፡00
ለአዘጋጆቹ ኢሜይል ልኬ ነበር፣ መልስ መጥቷል። ግድግዳው ነጭ ሆኖ ነው የሚሰጠን። ሌላ ቀለም የሚፈልግ ለብቻው ይከፍላል፣ ቀቢዎቹም የነሱ ናቸው። አፈር በፌስታል ይዞ መሄድ የለም።

ገንዘብ ያዥ፣ 4፡03
ሦስት ግድግዳ ገንዘቡ የለንም። አንድ ግድግዳ፣ ምናልባት። እሱም መዋጮው ከተከፈለ ነው።

መምህር፣ 4፡10
አንድ ግድግዳ ጥሩ ነው። የኋለኛውን። ከመተላለፊያው ሲመጡ ፊት ለፊት የሚታየው እሱ ነው። ቀድሞ ዓይን የሚገባው እዛ ላይ ያለው ሥራ ነው።

ከዚራ፣ 4፡12
እዛ ላይ የማን ይሰቀላል?

ጀጎል፣ 4፡13
ሐሳቡ የማን ነበር?

ከዚራ፣ 4፡19
ቆይ፣ ሳስበው ዝገት ቀይ አፈር ላይ መጥፎ አይሆንም። ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም። ሁለት ሜትር ብረት ብቻውን መሀል ላይ። እዩት እስቲ በዓይነ ልቦናችሁ።

መጋላ፣ 4፡20
😂😂😂

መጋላ፣ 4፡21
ሰኞ ዕለት "ዝገት ቀይ ላይ የት ይታያል" ያለው ማን ነበር? ከፍ ብላችሁ አንብቡ።

ከዚራ፣ 4፡22
ሰው አይማርም? አንተ ራስህ አረንጓዴ ይሆናል ብለህ አሁን ግራጫህን ልትሰቅል ነው አይደል?

መጋላ፣ 4፡24
እውነቱን ለመናገር ያ አረንጓዴ እያደር ወደድኩት።

ደቻቱ፣ 4፡30
ጭቃው ቀይ ላይ ከሆነ እኔም እፈልጋለሁ።

ሰብሳቢ፣ 4፡35
አንድ ግድግዳ፣ አራት ሰው። ዕጣ እናውጣ?

መምህር፣ 4፡36
አርት ፌር ላይ በዕጣ አይሰቀልም።

ሰብሳቢ፣ ሐሙስ ማታ 2፡00
ሳቢያን፣ ጽሑፉ?

ሰብሳቢ፣ 3፡30
ሳቢያን?

ገንዘብ ያዥ፣ 3፡31
ቤቱ ጎረቤቴ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ መብራት የለም ቤቱ ውስጥ።

ሰብሳቢ፣ ዓርብ ቀትር 6፡15
ስለ ማሸጊያው ደግሞ። ሸራ ያላችሁ ከፍሬም አውጡት። ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ነው የሚጠቀለለው፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ፣ የውሃ መስመር የሚሠራበት፣ ሁለቱም ጫፍ የሚደፈን። ፍሬሙን እዛው እናስወጥራለን። ከመውጣቱ በፊት "ቅርስ አይደለም" የሚለውን ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን ማውጣት አለብን፤ የእያንዳንዱ ሥራ ፎቶና ልክ ያስፈልጋል። ማን ይይዘዋል?

ከዚራ፣ 6፡40
የኔ ብረት ቱቦ ውስጥ አይገባም።

ገንዘብ ያዥ፣ 6፡41
ስንት ኪሎ ነው?

ከዚራ፣ 6፡44
መዝኜው አላውቅም። ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። ቤት ውስጥ ሲጎተት ሊሾውን ሰንጥቆታል።

ገንዘብ ያዥ፣ 6፡44
አላህ ይርዳን።

ጀጎል፣ ቅዳሜ ጠዋት 3፡12
ከደቻቱ ጋር ቁርስ ላይ አንድ ነገር አወራን። አፈሩን ማራካሽ ድረስ ወስደን ሰው እንዲቀባልን ከምንለምን ለምን መጀመሪያ እዚህ አንሞክረውም? ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያ ባዶ የቆመው መጋዘን አለ። ባለቤቱ ለደቻቱ አጎቱ ነው። ሙሉ ግድግዳውን እንቀባዋለን፣ እናቴም ትመጣለች። ሁሉም ይሰቅላል፣ ብረቱም ይገባል። ፎቶ እናነሳዋለን። ለማመልከቻውም ይሆናል።

ከዚራ፣ 3፡15
መጋዘኑ ሰፈሬ ነው። ብረቱን በጋሪ ነው የማመጣው።

መጋላ፣ 3፡16
ጥር ላይ ይሁን። አየሩ ደህና ነው፣ ሰውም ለበዓል ይመጣል።

ሰብሳቢ፣ 3፡30
ማመልከቻው በዚህ ዓርብ ነው የሚዘጋው። ጥር አይደለም።

መጋላ፣ 3፡31
ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናላ።

ሰብሳቢ፣ 3፡33
ስድስቱን እንኳ እስካሁን አልነገራችሁኝም።

ጀጎል፣ 3፡34
መጋዘኑ ውስጥ እኮ ስምንታችንም እንገባለን።

መምህር፣ 3፡50
እኔም አንድ አሮጌ ሥራ አለኝ።

ገንዘብ ያዥ፣ 4፡05
እሺ ለመጋዘኑ በነፍስ ወከፍ 2,000 ብር። ዛሬ ማታ። ከዚህ ውስጥ የአምናው የሳጥን ዕዳ ይቀነሳል።

ከዚራ፣ 4፡06
እሱ ለምን ይቀነሳል?

ሳቢያን፣ ሰኞ ሌሊት 6፡20
ሰላም ሰላም፣ ይቅርታ፣ ጅግጅጋ ሰርግ ነበረብኝ፣ ኔትወርክም አልነበረም። ጽሑፉን ጨርሻለሁ። ስለ ስድስቱ ሰዓሊዎችና ስለ ነጩ ግድግዳ ንጽሕና ነው የጻፍኩት። ፈረንሳይኛው ነገ ያልቃል። የማን ኢሜይል ላይ ልላከው?

ከዚራ፣ 6፡22
ለመጋዘኑ ጣሪያ አንድ ጋሎን ነጭ ይበቃል ወይስ ሁለት?

ገንዘብ ያዥ፣ 6፡23
እስካሁን የከፈለችው ጀጎል ብቻ ናት።