ኬፍ ኤልኤስ 50 ሜታ ስፒከሮች፦ ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ይጎላል፣ «ሰ» ጆሮ ይወጋል። አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ልቀይር ወይስ ሰብዉፈር (ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ልጨምር?

ሰሚት_ሳሎን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎኑ 4 በ3.5 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ስፒከሮቹ ቡፌ ላይ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ናቸው፤ እርስ በርስ 1.2 ሜትር ይራራቃሉ፣ ከኋላቸው ካለው ግድግዳ የሚርቁት 10 ሴ.ሜ ብቻ ነው። ሶፋው ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። ክራርና ማሲንቆ ጥርት ብለው ይሰማሉ። ቤዝ ጊታር ሲገባ ግን አንዱ ኖታ ቤቱን ይሞላል፣ ሌላው ይጠፋል። ድምፁን ከፍ ሳደርግ የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ይወጋል። አምፑ ለእያንዳንዱ ስፒከር 25 ዋት ይሰጣል። ከአሜሪካ አምፕ የሚያመጣልኝ ሰው ስላለ ቶሎ መወሰን አለብኝ።

ጆሮ_ገብ፦
ለጊዜው ምንም አትግዛ፤ ባሱን እያበላሸ ያለው ክፍሉ ነው። 4 ሜትር ርዝመት 43 ሄርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ፣ 3.5 ሜትር ስፋት ደግሞ 49 ሄርዝ አካባቢ ድምፅ ያስተጋባል። ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ እዚያ የሚወድቀው ኖታ ይደራረባል። ይህ ጉልበት የሚጠራቀመው ግድግዳ ሥር ነው፣ አንተም ስፒከሩንም ሶፋውንም እዚያው አስጠግተሃል።

ሶፋውን ቢያንስ 50 ሴ.ሜ ወደ ፊት አምጣ። ክፍሉ መሀል ላይ ግን አትቀመጥ፤ 2 ሜትር ላይ 43 ሄርዝ ጭራሽ አይሰማም። ስፒከሮቹን ከቡፌው አውርድና ስታንድ (ማቆሚያ) ላይ አድርጋቸው፤ የፊት ገጻቸው ከግድግዳው 60 ሴ.ሜ ይራቅ፤ በመካከላቸው 2 ሜትር ይኑር፣ ከጎን ግድግዳዎቹም እኩል ይራቁ። ከስፒከሮቹ ጋር የመጣውን የስፖንጅ መድፈኛ የኋላው ቀዳዳ ውስጥ አስገባና አወዳድር፤ ባሱ ይቀንሳል፣ ግን ይሰበሰባል።

ስለ «ሰ»፦ ሴራሚኩ ላይ በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ዘርጋ። አንድ ሰው መስተዋት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ያንቀሳቅስልህ፤ ከሶፋው ሆነህ ስፒከሩ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታይህ ቦታ ላይ ከባድ መጋረጃ ወይም መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ አድርግ። ባዶ ብሎኬት ሹል ድምፅ ሁሉ መልሶ ጆሮህ ላይ ይጥለዋል።

የሽቦ_ሰው፦
በአቀማመጡ እስማማለሁ፤ አምፑ ግን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። እነዚህ ስፒከሮች በ1 ዋት 1 ሜትር ላይ 85 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው የሚሰጡት። ከበሮ ሲመታ 100 ዲሲቤል ለመድረስ 15 ዲሲቤል ይቀራል፤ ያ ማለት 32 ዋት ገደማ ነው። የተጻፈባቸው የኤሌክትሪክ መቋቋም 8 ኦም ቢሆንም አንዳንድ ኖታ ላይ ወደ 3.5 ኦም ይወርዳሉ፤ ደካማ አምፕ እዚያ ላይ የድምፁን ማዕበል ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ድምፅ ይሻክራል፣ ሲቆይም ትዊተሩን (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን የስፒከሩን ክፍል) ያቃጥላል። ከ40 እስከ 100 ዋት፣ 4 ኦም የሚችል አምፕ ፈልግ።

ከአሜሪካ ከሆነ ከመገዛቱ በፊት የጀርባው ጽሑፍ ፎቶ ይላክልህ። 100–240 ቮልት ካለ ችግር የለም። 120 ቮልት 60 ሄርዝ ብቻ ካለ የእኛ 220 ቮልት 50 ሄርዝ ላይ በቀጥታ ሰክተኸው አለቀለት፤ የተጻፈበትን የኃይል ፍጆታ እጥፍ የሚችል ስቴፕዳውን (ቮልት የሚቀንስ) ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ስቴፕዳውን ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይቀይርም፣ ስለዚህ የአምፑ የራሱ ትራንስፎርመር ትንሽ ይሞቃል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ።

ሽቦ ላይ ገንዘብ አትጨርስ። ለ3 ሜትር 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ቀይና ጥቁሩ ግን በሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዱ ከተገለበጠ ባሱ ይጠፋል፣ ዘፋኙም የት እንደቆመ አይታወቅም። ድሮ በሞኖ (ሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ በሚያወጡበት አቀዳድ) የተቀዳ የአማርኛ ዘፈን ክፈት፦ ድምፁ ከመሀል፣ ባዶ ቦታ ላይ መምጣት አለበት።

ሰሚት_ሳሎን፦
እናመሰግናለን። ጥሩ ስታንድ ግን ገበያ ላይ አላገኘሁም።

ጆሮ_ገብ፦
ብየዳ ቤት አሠራው። መጀመሪያ ሶፋው ላይ ተቀምጠህ ከወለል እስከ ጆሮህ ለካ። የኬፉ ትዊተር ሾጣጣው መሀል ስለሆነ ከሳጥኑ ሥር 15 ሴ.ሜ ላይ ነው፤ ጆሮህ 90 ሴ.ሜ ላይ ከሆነ ስታንዱ 75 ይሁን። 10 በ10 ሴ.ሜ ቱቦላሬ፣ ከታች 30 በ35 ሴ.ሜ የሆነ 6 ሚሊ ላሜራ፣ ከላይ 18 በ22 ሴ.ሜ የሆነ 4 ሚሊ ላሜራ። የላይኛው ላሜራ ከመበየዱ በፊት ቱቦላሬውን በተነፋና ፀሐይ ላይ በደረቀ አሸዋ ሙላው፤ 11 ኪሎ ገደማ ይይዛል። እርጥብ አሸዋ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፣ ባዶ ቱቦ ደግሞ እንደ ደወል ይጮኻል። በስፒከሩና በላሜራው መካከል አራት ትንንሽ ላስቲክ አድርግ፤ ስፒከሩ ብቻውን 7.8 ኪሎ ስለሆነ ልጅ ካለ ስታንዱን ሲገፉት አለመውደቁን ፈትሽ።

ሰብዉፈሩን ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አስብበት። ከጨመርክ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ለሱ ተውለት፣ ማዕዘን ላይ ግን አታስቀምጠው፤ የ43 እና የ49 ሄርዙ ጣጣ ተመልሶ ይመጣል።