ቪትዜ ነዳጅ ስሰጣት በጣም ትጮኻለች፣ ካምቢዮ ነው ተባልኩ

የፈረንሳይ ሰፈር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ቪትዝ ነው፣ ኦቶማቲክ፣ ሞዴሉ እ.ኤ.አ. 2003። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ነዳጅ ስሰጣት እንደ ጭነት መኪና ማጓራት ጀምራለች። ሜዳ ላይ ረጋ ብዬ ስነዳ ብዙም አይሰማም። ከአራት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ ስወጣ ግን ኋላ የተቀመጡት ልጆቼ የሚያወሩት እንኳ አይሰማኝም። ጠዋት ሳስነሳት ደግሞ ከኮፈኑ ሥር ጥስ ጥስ ጥስ የሚል ድምፅ አለ፣ ሞቅ ስትል እየቀነሰ ይሄዳል። ያሳየሁት መካኒክ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እየሄደ ስለሆነ ሙሉው ይቀየር አለኝ። ጉልበቷ ግን እንዳለ ነው፣ ማርሽ ስትቀይርም አትነቀንቅም። ካምቢዮ ለመቀየር የሚያስፈልገው ብር ቀላል አይደለም፣ የምታውቁ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

አሮጌ መፍቻ፦
እህቴ፣ ካምቢዮውን እንዳታስነኪ። ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ የነገርሽን ሳነብ የሚመጣልኝ የጭስ መውጫው ነው። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ደጅ አውጪያት፣ ፓርክ ላይ አድርጊ፣ የእጅ ፍሬን ሳቢ። ሌላ ሰው ቀስ እያለ ነዳጅ ይስጥ፣ አንቺ ኮፈኑን ከፍተሽ አዳምጪ። ቆማ እያለች ያው ድምፅ ከመጣ ጎማም ኩሽኔታም (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) አይደለም፣ ምክንያቱም እነሱ የሚጮኹት መኪናዋ ስትሄድ ነው።

ጠዋት ጥስ ጥስ ብሎ ሲሞቅ የሚቀንስ ድምፅ ብዙ ጊዜ ጭስ የሚያፈስ መጋጠሚያ ነው፣ ብረቱ ሲግል ያብጥና ክፍተቱን ይዘጋዋል። ሽቅብ ስትወጪ የሚብሰውም ነዳጅ ስትጨምሪ የሚወጣው ጭስ ስለሚበዛና ግፊቱ ስለሚያይል ነው። ሞተሩ ሳይግል አንድ ሰው የማርሚታውን (ከኋላ ያለውን የጭስ ድምፅ ማፈኛ) ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ያህል ይያዘው። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በቀዳዳው በኩል ያፏጫል፣ ቦታውን ራሱ ይነግርሻል። መጋጠሚያው አካባቢ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር ካየሽ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

አዳማ ተመላላሽ፦
እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልናገር። የኔ ኮሮላ ነዳጅ ስሰጣት ዉዉዉ ትል ነበር፣ ማርሚታ ነው ብለው አስቀየሩኝ፣ ድምፁ አልጠፋም። በኋላ ያገኘሁት እንዲህ ነው። እየሄድኩ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳም ድምፁ ይቀጥላል፣ የሚቀንሰው ፍጥነቴ ሲቀንስ ብቻ ነው፤ ወደ ግራ ስጠመዝዝ ደግሞ ይጨምራል። የቀኝ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እግርሽን አንስተሽ ሞክሪ። ወዲያው ዝም ካለች ነገሩ ሞተሩና ጭስ መውጫው ጋ ነው።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ እኛ ጋ ማታ ደጅ ያደረ ፕሪየስ ጠዋት ተነስቶ ሲያጓራ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነው፣ ካታሊስቱን (ጭስ መውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ) ሌባ ቆርጦታል ማለት ነው። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ነው የሚፈለገው። እኔም ደርሶብኛል፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ ቱቦው በመጋዝ የተቆረጠበት ቦታ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራ ነበር። ያንቺ ቀስ በቀስ የመጣ ስለሆነ ይሄ አይመስለኝም፣ ግን ከሥር ሲፈታ አጠገቡ ቁሚ።

አሮጌ መፍቻ፦
አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ እሱ ነው። ጭሱ ከሞተሩ ሥር የሚያፈስ ከሆነ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ልጆች ይዘሽ ስለምትሄጂ እስኪሠራ ድረስ መስኮት ከፈት አድርገሽ ንጂ፣ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም አታስነሺያት። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ቁሙና ውረዱ።

የፈረንሳይ ሰፈር ልጅ፦
ተመለስኩ፣ አምላክ ይስጣችሁ። ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ሞከርነው፣ ቆማም ትጮኻለች። እሱ ጨርቁን ሲይዝ ከሞተሩ ሥር ፊሽ አለ። ሌላ ጋራዥ ወስጃት ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ከሞተሩ የሚወጣው ቱቦ ከፊተኛው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስፕሪንግ ካላቸው ሁለት ቡሎኖች አንዱ ዝጎ ተበጥሷል፣ መሃል ያለው ጭስ እንዳያፈስ የሚዘጋው ቀለበት (ጓርኒሲዮን) ደግሞ አንድ ጎኑ ተበልቶ ጣቴን ያስገባል። ባለፈው ወር አንድ ብሬከር ላይ ሆዷን መትቻት ነበር፣ ምናልባት ከዚያ ይሆናል። የጋራዡ ልጅ በብየዳ ልዝጋው ወይስ ዕቃ ታመጪያለሽ ይለኛል፣ ምን ልበለው?

አሮጌ መፍቻ፦
አይበየድ። እዚያ ጋ ስፕሪንግ የተደረገው ሞተሩ ሲንቀሳቀስ ቱቦው አብሮ እንዲተጣጠፍ ነው፣ ከተበየደ ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። የድሮውን ቀለበት ይዘሽ ሶማሌ ተራ ሂጂ፣ ከአዲሱ ጋር አስተያይተሽ ግዢ። ቡሎኖቹን ከነስፕሪንጋቸው ሁለቱንም ቀይሪ። ማርሚታውን የሚይዙት ጎማዎችም ይታዩ፣ እነሱ ከላሉ ክብደቱ ሁሉ እዚያው መጋጠሚያ ላይ ይወድቃል።

የፈረንሳይ ሰፈር ልጅ፦
ተሠራች! ቀለበቱና ሁለቱ ቡሎኖች ተቀየሩ፣ ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ዛሬ ማታ ፈረንሳይን ሽቅብ ስወጣ ትንሿ ልጄ ከኋላ ስትዘፍን ሰማኋት።