አባቴ ከፕሮስቴት ቀዶ ጥገና በኋላ ከቤት መውጣት ትቷል፤ ምን እናድርግ?

ጠያቂ (የበኩር ልጅ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 64 ዓመቱ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶበት ከ3 ወር በፊት ፕሮስቴቱ በቀዶ ጥገና ወጥቶለታል። የፒኤስኤ (የፕሮስቴት ካንሰርን ለመከታተል የሚሠራ የደም ምርመራ) ውጤቱ በጣም ወርዷል፣ ሐኪሙም ደስ ብሎታል። እሱ ግን ሌላ ሰው ሆኖብናል። ሲያስነጥሰውና ከወንበር ሲነሳ ሽንት ያመልጠዋል። እንዳያመልጠው ብሎ ውሃ መጠጣት ትቷል። ከጥቁር ሱሪ ውጪ አይለብስም። ጓደኞቹ ሲደውሉ «ተኝቷል በሏቸው» ይላል። ከእናቴ ጋርም መኝታ ለይተዋል፤ ይህን ደግሞ ልጅ ሆኜ እንዴት ብዬ ልጠይቅ? እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀረው?

በዚህ ያለፈ አባት፦
አይዞህ ልጄ፣ እኔም አልፌበታለሁ። በ3 ወር ሽንት ማምለጡ የተለመደ ነው። ፕሮስቴት ሲወጣ ሽንት ከሚይዘው ነገር ከፊሉ አብሮ ይሄዳል፣ ሥራው ሁሉ በቀረው ጡንቻ ላይ ይወድቃል። አብዛኛው ሰው በ1 ዓመት ውስጥ እየተሻለው ይመጣል።

ውሃውን ግን መልሱለት። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍርና ፊኛን ያስቆጣል፣ ያኔ ጭራሽ ይብሳል። ይልቅ ቡናና ሻይ ይቀንስ። ለወንድ የተሠራ፣ ከውስጥ ሱሪ ጋር የሚጣበቅ ፓድ አለ። ከላይ አይታወቅም። እኔ ከቤት መውጣት የጀመርኩት በእሱ ነው። መጀመሪያ ቅርብ ቦታ፣ ከዚያ ራቅ እያልኩ፤ መለወጫ በትንሽ ቦርሳ ይዤ።

ፊዚዮቴራፒስት፦
ዋናው የዳሌ ወለል ጡንቻ፣ ማለትም ፊኛን ከሥር ደግፎ ሽንት የሚይዘው ጡንቻ፣ ስፖርት ነው። ብዙዎች ሆዳቸውንና መቀመጫቸውን እየጨበጡ ሠራን ይላሉ፣ ያ አይጠቅምም። አባትህ ጋዝ እንዳያመልጠው እንደሚይዝ፣ ሽንቱንም መሀል ላይ እንደሚያቋርጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ይሳብ። ልብሱን አውልቆ መስታወት ፊት ቢሞክር የብልቱ ሥር ወደ ውስጥ ገባ፣ ቆለጡም ከፍ ሲል ያያል። ካየ በትክክል ሠርቷል ማለት ነው። ትንፋሹን አይያዝ። 5 ሰከንድ ይዞ ያንኑ ያህል ይልቀቅ፣ እየቆየ እስከ 10 ሰከንድ ያሳድገው። በአንድ ጊዜ 10፣ በቀን 3 ጊዜ። እየሸና ግን አይለማመድ።

ሌላው፣ ሊያስነጥሰው ሲል ወይም ከመነሳቱ በፊት ይህንኑ ጡንቻ ቀድሞ ይጨብጥ። ለውጡ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከዓመት በኋላም ብዙ የሚያመልጠው ከሆነ የቀዶ ጥገና መፍትሔ አለ፤ ሰው ሠራሽ የሽንት መቆጣጠሪያም ይገጠማል።

የታማሚ ባለቤት፦
ስለ መኝታው እኔ ልናገር፣ ለአንተ እንደሚከብድህ ይገባኛል። ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ነርቮች ፕሮስቴቱን ተጠግተው ነው የሚያልፉት። ሐኪሙ ቢያተርፋቸው እንኳ እስኪያገግሙ 2 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሀል የእኔ ባለቤት የጠላሁት መስሎት ራቀኝ፤ እኔ ደግሞ እሱ የጠላኝ መሰለኝ። ሁለታችንም ዝም።

መድኃኒት አለው። የሚዋጥ ክኒን፣ የቫኩም ፓምፕ (አየር ስቦ ብልት እንዲቆም የሚያደርግ መሣሪያ)፣ መርፌም አለ። ክኒኑን ግን ሐኪም ሳያዝ እንዳይገዛ፤ በተለይ ናይትሬት የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አደገኛ ነው። ብልት ባይቆምም የወሲብ እርካታ ሊኖር ይችላል፣ ዘር ግን አይፈስም። ይህን ቀድሞ የነገረን ስላልነበር ደንግጠን ነበር። አንተ ስለዚህ አትጠይቀው። እናትህ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራው ትግባ፣ ጥያቄውን በወረቀት ጽፋ።

የሆርሞን ሕክምና ላይ ያለ፦
ወደፊት የሆርሞን ሕክምና፣ ማለትም የወንድ ሆርሞንን የሚቀንስ ሕክምና፣ ከታዘዘለት ድንገተኛ ሙቀት፣ ድካምና ሆደ ባሻነት ይመጣል። አጥንትም ይሳሳል። እኔን ያቆመኝ የእግር ጉዞና ክብደት ማንሳት ነው። ድካሙ ያስተኛሃል፣ መተኛቱ ደግሞ ድካሙን ያብሰዋል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የፓዱን ነገር ነገ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም። ሌሊት አይተኛም፣ ትናንት ደግሞ «ሸክም ሆንኩባችሁ» አለ።

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ይህን ቀጠሮ እስኪደርስ አታቆየው። ከካንሰር ምርመራ በኋላ ድብርት ብዙ ወንዶችን ይይዛል፣ ይታከማልም። ለሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ንገረው። «መኖር ሰልችቶኛል» ዓይነት ነገር ካነሳ ወይም ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለው ከጠረጠራችሁ ብቻውን አትተዉት፣ የዚያኑ ቀን ሕክምና ይዛችሁት ሂዱ። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለው፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ከጀርባ ሕመም ጋር እግሩ ከዛለ ወይም ከደነዘዘም እንደዚሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል።

ለዛሬ ግን አጠገቡ ተቀመጥ። ሽንቱን አታንሳበት። «ሸክም ያልከው ምኑን ነው?» ብለህ ጠይቀው፣ ሲናገር አታቋርጠው።