ሲዚየም ማጣሪያ ብናኝ፦ ውሃዬ ለምን ሰማያዊ ሆኖ ቀረ?

የላብራቶሪዋ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ጥናቴ ሲዚየምን (ጨረር አመንጪ ዓይነቱ ከኑክሌር ጣቢያ የሚወጣ ብረት) ከውሃ ማውጣት ላይ ነው። የማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ) ብናኝ በፕሩሺያን ብሉ (ሲዚየም በሚይዝ ሰማያዊ ቀለም) ለብጬ፣ ጨረር በሌለው ሲዚየም ክሎራይድ እየሞከርኩት ነው። ትናንት ማግኔት ከቢከሩ ጎን ሳስጠጋ ብናኙ ግር ብሎ ብርጭቆው ላይ ተለጠፈ፤ ደስ አለኝ። ውሃው ግን ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ምን አጥፍቼ ነው?

ዘ-ካንሳይ፦
እህቴ፣ ፒኤችሽ ከፍ ብሎ (ውሃው አልካላይ ሆኖ) ፕሩሺያን ብሉው ፈርሶ ቢሆን ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄድ ነበር። ሰማያዊ ከሆነ ማግኔታይቱን ያልያዘ ደቃቅ የፕሩሺያን ብሉ ብናኝ ነው። ይህን አትናቂው፤ ሲዚየሙን ተሸክሞ ከማግኔቱ የሚያመልጠው እሱ ነው። ከሙከራው በፊት እጣቢው እስኪጠራ ደጋግመሽ እጠቢው።

ታዛቢ፦
ጃፓን ውስጥ ፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 አደጋ በኋላ ዚዮላይት (ሲዚየም የሚይዝ ባለ ቀዳዳ ማዕድን) በታንክ ውስጥ ሞልተው ውሃውን ያሳለፉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ ጥራጥሬው ካለበት አይነቃነቅም። ግን ሬአክተሮቹን ለማቀዝቀዝ የባሕር ውሃ ገብቶ ስለነበር ሶዲየሙ ከሲዚየሙ ጋር ቦታ ይሻማል። አንቺም በጨው ውሃ ሞክሪው። ትሪቲየም (ጨረር አመንጪ ሃይድሮጅን) ግን በዚህ አይያዝም፤ የውሃው ሞለኪውል አካል ነውና።

ዘ-ካንሳይ፦
ሲዚየም የጠገበውን ብናኝ የት እንደምታስቀምጪም ጻፊበት። ጨረር አመንጪው ሲዚየም 137 በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

የላብራቶሪዋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ሰባት ጊዜ አጠብኩት፤ በሰባተኛው ጠራ። ነገ በጨው ውሃ እሞክራለሁ።