ክርክር፦ በቀትር ሐሩር የዴሊቨሪ ሞተር ይቁም ወይስ ይሂድ?

አወያይ
የዛሬውን ርዕስ ያመጡት አባላት ናቸው። በገልፍ አገሮች በሰመር ወራት ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል ነው። ኤምሬትስና ሳዑዲ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ይከለክላሉ። ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ኤምሬትስ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00፣ ሳዑዲ ከ6፡00 እስከ 9፡00 ነው። በሞተር ምግብ የሚያደርሱት ልጆች ጉዳይ ላይ ግን አገሮቹ ይለያያሉ። ኳታር በ2022 ሰመር ሞተሮቹን ከጠዋቱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡30 አቆመች። ኩዌትም በሰመር ከ5፡00 እስከ 10፡00 የማቆም ሕግ አውጥታለች። ኤምሬትስ ሞተሩን አላቆመችም። በምትኩ ኤሲ ያላቸው ማረፊያዎችን በየቦታው አዘጋጀች።
ጥያቄው፦ የቱ ይሻላል? ቀትር ላይ ማቆም ወይስ ልብሱን፣ ውሃውንና ማረፊያውን አሟልቶ መሥራት? የድርጅት ስም አትጥሩ። ስድብ ወዲያው ይሰረዛል።

ጋላቢው (ዱባይ)
እንጀራዬ ሞተር ላይ ነው። ይቁም የሚለውን እቃወማለሁ። የሚከፈለኝ በኦርደር ነው፤ ቋሚ ደሞዝ የለኝም። የምሳ ሰዓት ደግሞ የቀኑ ዋና ገበያ ነው። እሱን ከወሰዳችሁብኝ ለማካካስ እስከ እኩለ ሌሊት ልነዳ ነው። የአልጋ ኪራይ አለ፣ የሞተሩ ክፍያ አለ፣ አገር ቤት የሚጠበቅ ብር አለ። እነሱ ቀትር ሆነ ብለው አይቆሙልኝም። ሙቀቱ ደግሞ ብልሃቱን ካወቁት ይቻላል።

ምሳ አዛዧ (አቡዳቢ)
እስቲ ብልሃቱን ንገረን። እኔ ከታክሲ ወርጄ በር እስክደርስ ራሴ ይዞራል።

ጋላቢው (ዱባይ)
እሺ። መጀመሪያ፣ ልብስ ሲቀንሱ ይቀዘቅዛል የሚለውን እርሺው። አዲስ የሚመጣ ልጅ ሁሉ እንደዛ ነው የሚጀምረው። በቲሸርት፣ ክንዱን አራቁቶ፣ የሄልሜቱን መስታወት ከፍቶ። አየሩ ከቆዳሽ በላይ ሲሞቅ፣ 35 ዲግሪን አለፍ ሲል ማለት ነው፣ ነፋስ ሙቀት ይጨምርብሻል እንጂ አይቀንስልሽም። 45 ላይ ፍጥነት ስትጨምሪ ፊትሽን የሚመታሽ የምጣድ አክንባሎ ሲነሳ የሚወጣው ወላፈን ነው። የሚያቀዘቅዝሽ ላብሽ ሲተን ብቻ ነው። ክንድሽ ባዶ ከሆነ ነፋሱ ላቡን ቶሎ ቶሎ ይጠርገዋል፤ የሰውነትሽ ውሃ ያልቃል፤ ፀሐዩ በላዩ ያቃጥልሻል።
ስለዚህ እኔ ከውስጥ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ካናቴራ ውሃ ውስጥ ነክሬ እለብሳለሁ። ከላይ ነፋስ የሚያሳልፍ መረብ ጃኬት። አንገቴ ላይ እርጥብ ጨርቅ። ሄልሜቴ ነጭ ነው፤ ጥቁር ፀሐይ ይስባል። ነፋሱ በጃኬቱ ገብቶ ካናቴራው ላይ ያለውን ውሃ ሲያተነው ብርድ ብርድ የሚልበት ጊዜ ሁሉ አለ።

ጋሽ መካኒክ (ሪያድ)
ይህ እኛ ጋ ይሠራል። ሪያድ ደረቅ ነው። አንተ ያለህበት ዱባይ ኦገስት ላይ ግን አየሩ ራሱ ውሃ ነው። ላብ አይተንም። እርጥብ ካናቴራ ለበስክ ማለት እርጥብ ካናቴራ ለበስክ ማለት ነው፤ ሌላ ትርፍ የለውም። ጂዳም እንደዚያው ነው።

ጋላቢው (ዱባይ)
ጋሼ፣ ለዚያ ጊዜ በረዶ አለ። የሚቀዘቅዙ ፓኬቶች የሚገቡበት ሰደርያ ይሸጣል። አየሩ እርጥብ ቢሆንም ይሠራል፤ ላብ እስኪተን አይጠብቅም።

ጋሽ መካኒክ (ሪያድ)
ሲቀልጥስ? ሰደርያው መልሶ ሙቀት ይዞ ደረትህ ላይ ይቀመጣል። ፓኬቱን መልሶ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ የሌለበት ማረፊያ ለዚህ ምን ይጠቅማል?

ነርሷ (ዶሃ)
ወንድሞቼ፣ ክርክሩ ልብስ ላይ ቀረ። እኔ ይቁም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልዘርዝር፤ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።
አንደኛ፣ ሙቀት ሰውን ከመጣሉ በፊት ማሰቢያውን ነው የሚያደክመው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ የጡንቻ መኮማተር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። እዚህ ላይ ሰውየው ቆሞ ጥላ ከያዘ ይድናል። ካለፈ ግን ግራ ይጋባል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ ሰውነቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላል። ሂት ስትሮክ የሚባለው ይህ ነው፤ ይገድላል። የግንባታ ሠራተኛ ግራ ሲጋባ ጓደኛው ያየዋል። ሞተር ላይ ያለ ልጅ ብቻውን ነው፤ በዚያ ላይ መኪኖች መሃል ነው። ደክሞት ቀይ መብራት ቢያልፍ በሐኪም ወረቀት ላይ «የትራፊክ አደጋ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሙቀት ብሎ የሚጽፍለት የለም።
ሁለተኛ፣ ኩላሊት። ከገልፍ የተመለሱ ኔፓላውያን ወጣት ሠራተኞች ላይ የታየው የኩላሊት ድካም ብዙ ተብሎበታል። በየቀኑ ውሃ እያነሰው የሚሠራ ሰው ዛሬ ደህና ነኝ ቢል አይገርመኝም።
ሦስተኛ፣ ይህን አበሾች በደንብ ስሙ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ዝናብና ብርድ ውስጥ እረፍት አሳልፎ የሚመለስ ልጅ ልምዱን ጥሎ ነው የሚመጣው። ባረፈ ማግስት ሙሉ ቀን ይነዳል። አደገኛው ቀን እሱ ነው።

ጋላቢው (ዱባይ)
ሲስተር፣ ውሃ እጠጣለሁ እኮ።

ነርሷ (ዶሃ)
ስንት? ጥማት እስኪመጣ ከጠበቅህ ዘግይተሃል። በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ነው የሚመከረው። አንድ ሊትር በአንዴ መገልበጥ አይደለም። ለሰዓታት ካላበህ ባዶ ውሃ ብቻ አይበቃም፤ ጨውም ያስፈልግሃል። ምግብ ብላ፣ ወይም ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) በጥብጥ። ኃይል ሰጪ የሚባሉትን ጣሳዎች እርሳቸው።

ጋላቢው (ዱባይ)
በየ20 ደቂቃው ልጠጣ። ሽንት ቤቱስ? ይህን ማንም አያነሳም። አንዳንድ ምግብ ቤት ኦርደር ለመቀበል ገብቼ ሽንት ቤት ልጠቀም ስል «ለደንበኛ ብቻ ነው» እባላለሁ። ብዙ ልጆች ውሃ የማይጠጡት አላዋቂ ሆነው አይደለም፤ መሽኛ ስለሌላቸው ነው።

ምሳ አዛዧ (አቡዳቢ)
ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ግን ለምን በመኪና አይሆንም? ኳታር ሞተሩ ሲቆም በመኪና ማድረስ ተፈቅዶ ነበር። ትንሽ ይዘገይ፣ ትንሽ ይወደድ። ምሳዬ 20 ደቂቃ ቢዘገይ አልሞትም።

ጋላቢው (ዱባይ)
አንቺ አትሞቺም፤ እኔ ግን ሥራ አጣለሁ። የኔ መንጃ ፈቃድ የሞተር ነው። ሞተሩ ቆሞ መኪናው ሲሄድ ምሳ ሰዓቱ የመኪና መንጃ ፈቃድ ላለው ሰው ተላለፈ ማለት ነው። እኔን ከፀሐይ አዳናችሁኝ ትላላችሁ፤ ገበያዬን ለሌላ ሰጣችሁት።

የሎጊያው (አፋር)
ከአገር ቤት ልግባ። እኛ ጋ ሰመራና ሎጊያ ሙቀት ሲብስ ቀትር ላይ ከተማው ራሱ ይቆማል። ሥራ በጠዋት ይጀመራል፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ይያዛል፣ አመሻሹ ላይ ይቀጠላል። ድሬዳዋም ቀትር ላይ ሰው ፀሐይ አይጋፋም። ይህን ሕግ አላስተማረንም፤ ሙቀቱ ነው ያስተማረን። ሞተረኛም ከሌላው ጋር ያርፋል፤ ተሳፋሪውም አርፏላ! እናንተ ጋ ችግሩ ሙቀቱ ብቻ አይመስለኝም። ደንበኛው ኤሲ ውስጥ ስለተቀመጠ ቀትር መሆኑን አያውቅም።
አንድ ነገር ግን እኛም ጋ አለ። ሙቀት ነው እያሉ ሄልሜቱን መሪው ላይ አንጠልጥለው የሚነዱ ልጆች ሞልተዋል።

ነርሷ (ዶሃ)
እሱን አትንኩብኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጥራት ያለው ሄልሜት የሞት አደጋን ከ40 በመቶ በላይ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይቀንሳል። ሙቀቱ ሄልሜት የሚያስወልቅ ከሆነ መንዳት የለብህም ማለት ነው።

ጋሽ መካኒክ (ሪያድ)
ሁላችሁም የሰዓት ሕጉን እንደ ትክክለኛ መለኪያ ይዛችሁታል። እኔ እዚህ ላይ ነው የምለየው። ሰዓት ሙቀት አይለካም። ሳዑዲ እገዳው 9፡00 ላይ ያበቃል፤ አስፋልቱ ግን 9፡00 ሆነ ብሎ አይበርድም። ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ከሥር ይተፋል፤ የሞተሩ ሙቀት ይጨመርበታል። ከሱቄ በር ላይ አያለሁ፤ ልጆቹ 9፡00 ሲሞላ እንደ ጎርፍ ይወጣሉ።

ነርሷ (ዶሃ)
ልክ ነዎት ጋሼ። ለዚህ ነው የኳታር የ2021 ደንብ የተሻለ የሚሆነው። ከሰዓቱ በተጨማሪ እርጥበቱን፣ ፀሐዩንና ነፋሱን አንድ ላይ የሚለካ መለኪያ አስገብቷል። እሱ 32.1 ካለፈ ሰዓቱ ምንም ይሁን ሥራ ይቆማል። በተራ ቴርሞሜትር 32 ማለት እንዳይመስላችሁ፤ በእርጥበት ቀን ይህን ቁጥር ማለፍ ቀላል ነው። ቴርሞሜትሩ 38 የሚልበት እርጥብ ጠዋት 45 ከሚልበት ደረቅ ቀን ሊብስ ይችላል።

ምሳ አዛዧ (አቡዳቢ)
ታዲያ ኤምሬትስ ያዘጋጀችው ማረፊያስ? በ2025 ከ10,000 በላይ ናቸው ተብሎ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ነው?

ጋላቢው (ዱባይ)
ትንሽ አይደለም፤ እጠቀምበታለሁ፣ አመሰግናለሁ። ግን ማረፊያ ተቀምጬ ስልኬ ኦርደር ሲያመጣ ምን ላድርግ? እኔ በሠራሁበት ቦታ ኦርደር ደጋግሞ የመለሰ ልጅ ደረጃው ይወርዳል፤ በማግስቱ ጥሩ ሰዓት አይደርሰውም። ኤሲው አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ፈቃዱ ግን የለም።

ጋሽ መካኒክ (ሪያድ)
አሁን ገባን! ይህ ልጅ ከመጀመሪያው ስለ ሙቀት አይደለም የተከራከረው። ልጄ፣ በእገዳው ሰዓት ለተቀመጥክበት ቢከፈልህ ትቆማለህ?

ጋላቢው (ዱባይ)
ጋሼ፣ ከተከፈለኝ ማን አብዶ ይነዳል? የምሳ ሰዓቱን ግማሽ እንኳ ይክፈሉኝና ቁልፉን አስቀምጣለሁ። ያለ ክፍያ ይቁም የሚል ሰው ግን ሙቀቱን ወደ ሌሊት ድካም እያዛወረልኝ ነው። የማታ ኦርደር ጨርሼ እንቅልፍ ሳልጠግብ ጠዋት ስወጣ ያ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው።

ነርሷ (ዶሃ)
ክፍያው ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ግን ክፍያው እስኪመጣ ሞተሩ ይሂድ የሚለው ላይ አይደለሁም። እኔ ጋ በአምቡላንስ የሚመጣው ሰው ደሞዙ በኦርደር ይሁን በወር አልጋው ላይ ለውጥ የለውም። አንድ ነገር ያዝልኝ፤ መንገድ ላይ ጓደኛህ ግራ ተጋብቶ ካየኸው አምቡላንስ ጥራ፣ ጥላ ውስጥ አስገባው፣ ልብሱን አውልቅለት፣ ውሃ አፍስስበት። በረዶ ካለህ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርግለት። ራሱን ያላወቀ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ እንዳትጨምር፤ ያንቀዋል።

የሎጊያው (አፋር)
ሲስተር፣ ይህን ኮፒ አድርጌ የኛ ሞተረኞች ቴሌግራም ላይ ልለጥፈው? ስምሽን አላስገባም።

ነርሷ (ዶሃ)
ለጥፈው ወንድሜ። ኦአርኤሷንም ጨምርባት።

ጋሽ መካኒክ (ሪያድ)
እኔም አንድ ልጨምር። የጎማ ነፋስ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ለኩ። ቀትር ላይ ለክቶ በዛ ብሎ የሚያስተነፍስ ልጅ ማታ በለሰለሰ ጎማ ነው የሚነዳው።

አወያይ
ድምፅ መስጫው ከላይ ተሰክቷል። «ይቁም» እና «ይሂድ» ብቻ ነበር፤ በጋላቢው ጥያቄ «ከነክፍያው ይቁም» የሚል ሦስተኛ ምርጫ ጨምሬያለሁ። ቀድማችሁ የመረጣችሁ መቀየር ትችላላችሁ።

ምሳ አዛዧ (አቡዳቢ)
ሦስተኛውን መርጫለሁ። ክፍያው ከማዘዣው ዋጋ ላይ ቢጨመር ደግሞ አልጮህም፤ ብቻ ለልጁ መድረሱን ማን ነው የሚያረጋግጥልኝ?

ጋላቢው (ዱባይ)
እሱን ጥያቄ ይዘሽ ቆይ፤ ኦርደር መጣልኝ።