በጣና ደሴቶች ዙሪያ የሽርሽር ጀልባ ፍጥነት በሕግ ይወሰን ወይስ አይወሰን?

ጥያቄውን ያነሳው (ከባሕር ዳር)፦
ለሽርሽር የሚወጡ ሞተር ጀልባዎች በደሴቶቹ ዙሪያ፣ በደንገሉ ዳርና በዓባይ መውጫ አካባቢ ፍጥነታቸው በሕግ ይወሰን ወይስ ለነጂው ኅሊና ይተው? እኔ ይወሰን ባይ ነኝ። ጀልባ ይከልከል አላልኩም፤ እኔም ልጆቼን ይዤ እሄድበታለሁ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደግሞ ሁላችንም የምንመላለሰው በዳር በዳሩ ነው። የዓሣ ጫጩት የሚያድገው፣ ወፍ የሚፈለፍለው፣ ጉማሬ የሚያርፈው፣ ታንኳ የሚቀዘፈው እዚያው ነው። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ታዲያ ከዚያ ወዲህ በውኃው ላይ የምንሄድበት ሥርዓት ምን ተለወጠ?

ጀልባ ነጂ፦
ወንድሜ፣ እንግዳ በጠፋበት ዘመን ገደብ ማለት ከአፋችን ላይ እንጀራ መንጠቅ ነው። ጣናን የጎዳው እንቦጭ ነው፤ በክረምት ከማሳ ተጠርጎ የሚገባው አፈር ነው፤ ከከተማ የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው። ይህን ሁሉ ትቶ ጥቂት ሰው ጭኖ ክብራን ገብርኤል ደርሶ የሚመለሰውን ጀልባ መያዝ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ነዳጁ በተወደደበት ጊዜ ደግሞ ያለ ምክንያት የሚሮጥ ነጂ የለም። እንግዳው ራሱ ነው «ፍጠን» የሚለን።

የዘጌ ሰው፦
አፈሩም ፍሳሹም እውነት ነው። ነገር ግን እኔ ታንኳ ላይ ተቀምጬ የሚመጣብኝ አፈር አይደለም፤ ማዕበል ነው። ታንኳ ከደንገል የታሰረ ነው። ውኃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። እንጨት ተጭኖበት ወደ ገበያ ሲሄድ ጠርዙ ከውኃው በላይ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ጀልባ በአጠገባችን ሲያልፍ ሰው እጁን ያውለበልብልናል፣ ፎቶ ያነሳናል፣ ይሄዳል። ማዕበሉ የሚደርሰን ጀልባው ካለፈ በኋላ ነው፤ ቀዛፊው ፊቱን ወደ ማዕበሉ ካላዞረ በጎን ይመታዋል። ነጂው ዞር ብሎ ስለማያይ ያደረገውን አያውቅም። እኛ ማንን እንክሰስ? ጀልባዎቹ ላይ ከሩቅ የሚነበብ ቁጥር እንኳን የለም።

በዓሣ ሀብት ሥራ ላይ ያለች፦
የጀልባ ነጂው ወንድማችን የዘረዘረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ዋናው ጉዳት ከየብስ ነው የሚመጣው። ዳሩ ላይ ያለው ደንገልና ሸምበቆ ግን ያንኑ አፈር ከሐይቁ በፊት የሚያስቀረው ወንፊት ነው። ማዕበል ሥሩን ሲያላላው ሁለቱ ችግሮች ይገናኛሉ። የማዕበል ቁመት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው፤ ጥልቀት በሌለበት ቦታ ደግሞ ከታች ያለውን ደለል ይቀሰቅሰዋል።

ስለ ዓሣውም ልናገር። በጣና 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በሌላ ሐይቅ አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች አፍ ተሰብስበው እንቁላል ለመጣል ወደ ላይ ይወጣሉ። እዚያ ዋናው ጠላታቸው መረብ እንጂ የሽርሽር ጀልባ አይደለም፤ ይህን አልደብቅም። ሆኖም መረብ ጣዩን «በዚህ ወር ከወንዙ አፍ ራቅ» ብለን ስንለምን፣ ሙዚቃ ከፍቶ በዚያው የሚያልፍ ጀልባ ካለ ልመናችን ምን ዋጋ አለው?

አንድ ነገር ደግሞ ነጂዎች ነገ ጠዋት ሊያደርጉት የሚችሉት ነው። እንቦጭ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን ወደ ላይ አንሥተው በቢላ ይቆርጡታል፣ ቁርጥራጩን መልሰው ውኃ ውስጥ ይጥሉታል። እንቦጭ ከቁራጭ ግንዱ ይበቅላል። ከጎርጎራ በኩል ተጠምጥሞ የመጣ አንድ እፍኝ ንጹሕ የሆነ ዳር ላይ ቢጣል አዲስ ችግኝ ተከለ ማለት ነው። በጆንያ ይዘው ወደ ደረቅ መሬት ይውጡት፣ ፀሐይ ያድርቀው።

አስጎብኚ፦
እኔ የማወራው ስለ ገበያው ነው። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ጣና ላይ የሚፈልገው ጸጥታ ነው። በዓባይ መውጫ ጉማሬ ለማሳየት ጀልባ ዙሪያውን ሲሽከረከርበት እንስሳው ውኃ ውስጥ ይጠልቃል፤ እንግዳው ያየው አረፋ ብቻ ይሆናል። ግልገል ያላት ጉማሬ ደግሞ ተቆጥታ ብትመጣ ጀልባ ትገለብጣለች። ሞተር አጥፍቶ ራቅ ብሎ የሚጠብቅ ነጂ ሁልጊዜ የተሻለ ያሳያል።

ክብራን ገብርኤል ላይ የማየው ግን የበለጠ ያሳዝነኛል። ሴቶች ወደ ገዳሙ መውጣት ስለማይፈቀድላቸው ጀልባው ላይ ይጠብቃሉ። ነጂው እንዳይሰለቻቸው ብሎ ሙዚቃ ይከፍታል ወይም ደሴቱን በፍጥነት ያዞራቸዋል። ላይ ቅዳሴ ነው። በአንድ ጉዞ መነኮሳቱንም፣ ወፎቹንም፣ ጸሎት ሊያደርጉ የመጡትን እናቶችም ማስቀየም ነው ይህ። ሕግ ባይኖርም እኔ ከእንዲህ ያለ ነጂ ጋር አልሠራም።

ጀልባ ነጂ፦
ስለ ቁርጥራጩ የተባለው ገብቶኛል፤ እንቦጩ የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያ ስለሚደፍነው ቶሎ ቆርጠን መጣል ልማድ ሆኖብን ነው። ስለ ፍጥነቱ ግን ሕግ አውጪዎቹ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። «ግማሽ ፍጥነት» ብላችሁ ብትጽፉ ይብሳል። ጀልባ ትልቁን ማዕበል የሚያስነሣው አፍንጫው ቀና፣ ኋላው ዝቅ ባለበት በመካከለኛው ፍጥነት ነው። ጀልባው ጠፍጣፋ ሆኖ የሰው እርምጃ ያህል እስኪሄድ ድረስ ነው መቀነስ ያለበት። በዚህ አካሄድ ከዳር እስከ ደሴት ይሂድ ከተባለ ግን ሩቅ ያለው ደቅ ደሴት ደርሶ መመለስ አይቻልም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ መንገደኛ ይዞ መሐል ሐይቅ ላይ መዘግየት አደጋ ነው። ስለዚህ መሐሉ ነፃ ይሁን፣ ዳሩ ይገደብ። ገደቡም የእኛን ብቻ ሳይሆን የግል ባለጀልባውንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን ጀልባ ይመልከት። እነሱ ሲሮጡ እኛ ብንቀጣ አንቀበልም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
መሐሉ ነፃ ይሁን በሚለው እስማማለሁ፤ ካነሣሁት ሐሳብ የተሻለ ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራው አሮጌ ሞተር ግን አልተነሣም። ከሚጠጣው ነዳጅ ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ከጭሱ ጋር ውኃው ውስጥ ይለቀዋል። ዛሬ ቀይሩ ማለት አይቻልም፣ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ለማኅበራት የብድር መንገድ ካልተከፈተ በዚህ ላይ ነጂዎችን መውቀስ ግፍ ነው።

የዘጌ ሰው፦
ሞተሩ ብድር እስኪገኝ ይቆይ። ቁጥር በጀልባ ላይ ለመጻፍ ግን ቀለምና ብሩሽ ይበቃል። ከዘጌ ወደብ ጀምሩት። የሚገደበውን ዳር ከነፃው መሐል የሚለይ ተንሳፋፊ ምልክት የት ይቁም ሲባል ደግሞ ታንኳ ቀዛፊዎችን ጠይቁ፤ ውኃው የት ላይ እንደሚሳሳ በመቅዘፊያችን ነው የምናውቀው።

ጀልባ ነጂ፦
ቁጥሩ ይጻፍ፣ አልቃወምም። ምልክቱ ከመቆሙ በፊት ግን ቅጣት አይጀመር።