የመህንዲ ምሽት ፎቶ፦ እርጥብ ሂና በቢጫ ድንኳን ሥር እንዴት ይነሳል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሕንድ ውስጥ ጃይፑር ከተማ ለሚደረግ ሠርግ የሙሽራዋን የሂና ምሽት (መህንዲ) ለማንሳት መላ ቸግሮኛል። ድንኳኑ ቢጫ ስለሆነ ፍላሹን ወደ ጣሪያ ሳዞረው ቆዳዋ ይበጫል፤ በቀጥታ ሳበራው እርጥቡ ሂና ያብረቀርቅና በጣቶቿ ጫፍ ያለው ቀጭን ጥለት ይጠፋል። ያለ ፍላሽ ደግሞ የኤልኢዲ መብራቶቹ ስለሚርገበገቡ ፎቶው ላይ ሰንበር (ጥቁር መስመሮች) ይጥላሉ። የሕንድ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የ1/100 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት ሰንበሩን ያጠፋዋል፣ ግን ሂናውን የምትስለው ሴት እጅ ይደበዝዛል።

ሌንሱ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ (በጣም ከቅርብ የሚያነሳ) ነው። በኤፍ 2.8 (ሌንሱ በሰፊው ተከፍቶ) ጣቶቹ ጠርተው መዳፉ ይደበዝዛል፤ በኤፍ 8 (ጠበብ ሲል) ብርሃን ስለሚያንስ አይኤስኦው (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 ይገባል፣ ምስሉም ነጠብጣብ ይበዛበታል።

ለስላሳ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጎ ማስገባት ነጸብራቁን ይቀንሰዋል? ወይስ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ይሻላል? ሙሽራዋ እጇን ዘርግታ ለሰዓታት ስለምትቀመጥ ደጋግሜ ላስቸግራት አልፈልግም። ቀለሙ የሂናው ሊጥ ሲራገፍ ብርቱካናማ ሆኖ በማግስቱ ስለሚጠቁር፣ የቅርብ ምስሎቹን ለሠርጉ ጠዋት ባቆያቸውስ?